«እረፊ» ሕክምና አይደለም

«እረፊ፤ ሲሻልሽ ትመለሻለሽ።» ጉልበቷን ለሚያማት ወጣት ሯጭ አሠልጣኟም፣ እናቷም፣ ወጌሻውም፣ አንዳንዴም ሐኪሟ የሚሰጧት ምክር ይህ ነው። ምክሩ ከክፋት አይመጣም፤ የሚሳሳላት ሰው የሚናገረው ነው። ይሁንና ወድቃ ላልተጎዳች፣ ጉልበቷ ላላበጠ፣ ራጅ ተነሥታ «ምንም የለሽም» ለተባለች፣ ግን የጉልበቷ ሎሚ ዙሪያውን ለሚያማት ልጅ «እረፊ» ብሎ መሸኘት ስህተት ነው። ብዙ ልጆችን ከሩጫ የሚያስቀራቸው ሕመሙ ሳይሆን ሕመሙን የምናስታምምበት መንገድ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

በመጀመሪያ ስለየትኛው ሕመም እንደምናገር ልለይ። ይህ ሕመም ቀስ ብሎ ይጀምራል። ቁልቁለት ወይም ደረጃ ሲወርዱ፣ ቁጢጥ ሲሉ፣ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጉልበት አጥፈው ረጅም መንገድ ሲቀመጡ ይብሳል። ልጅቷ የት እንደሚያማት ስትጠየቅ በአንድ ጣት ጠቁማ አታሳይም፤ መዳፏን ሎሚው ላይ ከድና «እዚህ አካባቢ» ትላለች። ባለሙያዎች ፓቴሎፌሞራል ፔይን ይሉታል። ከሎሚው ዝቅ ብሎ ቅልጥሙ አናት ላይ ጉብ የሚለውና ሲነካ የሚያመው ኦስጉድ ሽላተር ሌላ ነው፤ እሱ ከእድገት ጋር የተያያዘ ነው። ስለ እረፍት የምለው አብዛኛው ግን ለእሱም ይሠራል።

ጉልበቱ ካበጠ፣ አልታጠፍ አልዘረጋ ብሎ ከተቆለፈ፣ ሎሚው ከቦታው ወጥቶ ከገባ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ፣ ልጁ የሚያነክስና ዳሌውን እንደልብ ማዞር የማይችል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአጥንት ቲቢ፣ የአጥንት ዕጢ፣ የጭን አጥንት ራስ መንሸራተት ሁሉም በጉልበት ሕመም ስም ሊመጡ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። እኔ የምከራከረው እነዚህ ሁሉ ከተጣሩ በኋላ ስለሚቀረው፣ በወጣት ስፖርተኞች ዘንድ እጅግ ስለተለመደው ሕመም ነው።

የጉልበት ሎሚ በጭን ጡንቻ ጅማት ውስጥ ተቀምጣ፣ የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምትንሸራተት አጥንት ናት። የጭኑ ጡንቻ እግሩን ሲዘረጋ ኃይሉ እንዲበረታ ታደርጋለች፤ ለዚህም የምትከፍለው ጫና መሸከም ነው። ሜዳ ላይ ስንራመድ ሎሚዋ ከጭን አጥንቱ ጋር የምትጣበቅበት ኃይል የሰውነታችንን ክብደት ያህላል። ደረጃ ላይ ወደ 3 እጥፍ፣ ሩጫ ላይ ወደ 5 እጥፍ ይደርሳል። ከጀርባዋ ያለው ልም አጥንት በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ሁሉ ወፍራም ከሚባሉት አንዱ የሆነው በከንቱ አይደለም። ይህ መገጣጠሚያ ጫና እንዲሸከም የተሠራ ነው፤ ጫናን ሁሉ ጠላቱ አድርጎ ማየት ተፈጥሮውን አለማወቅ ነው።

«እረፊ» የሚለው ምክር የቆመው ያመመ ሁሉ ተጎድቷል በሚል እምነት ላይ ነው። ልም አጥንቱ ተበልቷል፣ ሎሚው ተፈግፍጓል፣ በሮጠች ቁጥር ያልቃል ይባላል። ልጅቷም ቁጢጥ ስትል ጉልበቷ ሲንቋቋ ስትሰማ ነገሩ የተረጋገጠላት ይመስላታል።

ይህን እምነት የሳን ፍራንሲስኮው የአጥንት ሐኪም ስኮት ዳይ በገዛ ጉልበቱ ፈትኖታል። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የመገጣጠሚያው ውስጥ ሳይደነዝዝ፣ እሱም ሳይተኛ፣ ባልደረባው ካሜራና ቀጭን የብረት መመርመሪያ አስገብቶ የጉልበቱን ውስጠኛ ክፍሎች አንድ በአንድ እየነካ የሚሰማውን ያናግረው ነበር። የሎሚው ልም አጥንት የመላላትና የመሰነጣጠቅ ምልክት ነበረበት፤ በብረቱ ጠንከር ተደርጎ ሲነካ ግን ሰውየው ምንም አልተሰማውም። ልም አጥንት ነርቭ የለውምና። ብረቱ ከሎሚው በታች ያለውን ስብና የመገጣጠሚያውን ውስጠኛ ሽፋን ሲነካ ግን ሕመሙ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ተበላሽቶ የታየው ክፍል ዝም አለ፤ የጮኸው ጤነኛ የሚመስለው ሥጋ ነበር። ሥጋ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይቆጣል፣ ጫናው ሲመጠንለት ይረጋጋል።

አንድ ሰው በራሱ ላይ ያደረገው ሙከራ ለብቻው ብዙ አያስኬድም ቢባል እስማማለሁ። ግን ሌሎችም አሉ። የሮተርዳም ተመራማሪዎች ይህ ሕመም ያለባቸውን 64 ሰዎችና ጤነኛ የሆኑ 70 ሰዎችን በኤምአርአይ አነጻጽረው፣ በፊልሙ ላይ የሚታየው የልም አጥንት ጉዳት ታማሚውን ከጤነኛው የማይለይ ሆኖ አግኝተውታል። ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ሕመሙ የከረመባቸው 56 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በካሜራ ተከፍተው ውስጡ ተጠርጎላቸው እንቅስቃሴም ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ እንቅስቃሴውን ብቻ ሠሩ። በ9ኛው ወርም ሆነ በ5ኛው ዓመት በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ጥፋቱ ያለው ልም አጥንቱ ላይ ቢሆን ኖሮ የተጠረገለት ሰው መብለጥ ነበረበት።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ቡድኗ ማክሰኞ ዳገት ይሠራል፣ ሐሙስ መም ላይ ፍጥነት፣ ቅዳሜ አስፋልት ላይ ረጅም ሩጫ። ጉልበቷ አመማትና «እረፊ» ተባለች። ሦስት ሳምንት ቤት ዋለች። ሕመሙ በርግጥ ጠፋ፤ ሁሉም ምክሩ እንደሠራ አመነ። በእነዚያ ሳምንታት ግን የጭኗና የዳሌዋ ጡንቻ ሟሟ፣ ጅማቷም የለመደውን ጫና ረሳ። የቡድኑ ፕሮግራም እሷን አልጠበቀም። ስትመለስ ጓደኞቿ የደረሱበት ዳገት ላይ ከበፊቱ በደከመ እግር ተሰለፈች። በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ ተመለሰ። አሁንም «እረፊ» ተባለች። በሦስተኛው ዙር «ይቺ ልጅ ጉልበቷ ችግር አለበት» የሚል ስም ወጣላት፤ ከዚያ በኋላ የክለብ ምርጫ ሲመጣ ስሟን የሚያነሳ የለም። ጉልበቷን ማንም አላከመውም። የተደረገላት ቢኖር አቅሟን መቀነስና የቀድሞውን ሸክም መልሶ መጫን ነው።

ለዚህ የሚሰጠው መጽናኛ «ስታድግ ይተዋታል» ነው። ይህም ውኃ አያነሳም። ዴንማርክ ውስጥ ሚካኤል ራትሌፍና ባልደረቦቹ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ወጣቶች ለሁለት ዓመት ተከታትለው ከግማሽ የሚበልጡት ያኔም ሕመሙ እንዳልለቀቃቸው አሳይተዋል። ዝም ብሎ መጠበቅ ለብዙዎቹ ሕመሙን ይዞ ማደግ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የእረፍት ደጋፊ የሆነ አንባቢ ጠንካራ መልስ ሊሰጠኝ ይችላል፤ ላስቀድምለት። እነዚያው የዴንማርክ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 የሆኑ 151 ልጆችን ይዘው ባደረጉት ሥራ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሕመሙን የሚያስነሣውን እንቅስቃሴ መቀነስ ነበር። ውጤቱም ያማረ ነው፤ በ12 ሳምንት 86 በመቶዎቹ ደህና መሻሻል አግኝተናል አሉ። «ታዲያ አረፉ አይደል?» ሊባል ይችላል። አላረፉም። ከመራመድ ጀምሮ ወደ ሩጫና ወደ ዝላይ የሚያደርስ ደረጃ በደረጃ የተሠራ መውጫ ተሰጣቸው፤ የጭንና የዳሌ ማጠናከሪያ ታዘዘላቸው፤ ሕመማቸውን በቁጥር እየለኩ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እንዲሻገሩ ተማሩ፤ ወላጆቻቸውም አብረው ተማሩ። ጥናቱ የንጽጽር ቡድን ስላልነበረው ከሚገባው በላይ ላገዝፈው አልፈልግም። ሆኖም ጫናን መቀነስና ጫናን ማጥፋት የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል። የቀነሰ ሰው መቼ፣ በምን ያህል፣ በምን ምልክት እንደሚጨምር ያውቃል። «እረፊ» የተባለች ልጅ የምታውቀው ቀኑን መቁጠር ብቻ ነው።

ለሯጮች የበለጠ የሚቀርበው የካናዳው የኩቤክ ጥናት ነው። ይህ ሕመም ያለባቸው 69 ሯጮች በሦስት ተከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን ጫናን እንዴት እንደሚመጥኑ ትምህርት ብቻ፣ ለሁለተኛው ትምህርትና ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ፣ ለሦስተኛው ትምህርትና የአሯሯጥ ማስተካከያ ተሰጠ። ሦስቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ በመሻሻላቸውም አልተበላለጡም። ትምህርቱ ምን ይላል? ሩጫህን አታቁም፤ አከፋፍለው፤ ፍጥነቱን፣ ቁልቁለቱንና ርቀቱን ቀንስ፤ ስትሮጥ ሕመምህ ከ10 ከ2 አይብለጥ፤ ከሩጫው በኋላም በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለስ። ይህን ማወቅ ብቻውን ያን ያህል ከሠራ፣ ልጆቻችን የተነፈጉት ውድ መሣሪያ አይደለም። የተነፈጉት ይህን የሚነግራቸው ሰው ነው።

የ«እረፊ» መንታ ወንድም «ቻዪው» ነው። አትሌት ሕመም ይችላል፣ ጀግና አይነክስም ይባላል፤ ሲብስ ፋርማሲ ተሂዶ ዲክሎፈናክ ይወጋል ወይም ይዋጣል፣ ጉልበት በፋሻ ይጠፈራል፣ ይሮጣል። ሰዎች እነዚህን ሁለት ምክሮች ተቃራኒ ያደርጓቸዋል፤ እኔ አንድ ናቸው እላለሁ። ሁለቱም መጠን አያውቁም፤ ለሁለቱም ጉልበት ወይ ይሮጣል ወይ ይቀመጣል። ለዚህ ነው አንዷ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ«ቻዪው» ወደ «እረፊ»፣ ከ«እረፊ» ወደ «ቻዪው» ስትወረወር የምናየው። ማስታገሻው ደግሞ ለመመጠን የምትጠቀምበትን ብቸኛ መለኪያ፣ ሕመሟን ራሱን ያደነዝዝባታል።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ሜዳ ዳር ቆሞ የስንቱን ጡንቻ ያፍታታ ሰው ነውና በክብር ነው የማነሳው። መታሸት ያዝናናል፤ የባለሙያ እጅ ያጽናናል። ነገር ግን በዚህ ሕመም ላይ የተሰበሰቡ የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የጋራ አቋም የመከሩት ዳሌንና ጉልበትን አጣምሮ የሚያጠናክር እንቅስቃሴን ነው፤ ሎሚን በእጅ መግፋትንና ማንቀሳቀስን እንዲሁም የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን አልመከሩም። ስለዚህ «ሎሚሽ ተዛንፏል፣ ልመልሰው» የሚላት ሰው መልካም ቢያስብም የሌለ ነገር እየጠገነ ነው።

ጫናን መመጠን በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ጠጋ ብለን እንየው፤ ምክንያቱም የውጭ አገር መመሪያ የማያውቃቸው ጫናዎች አሉብን። አሠልጣኙ የሚቆጥረው ልምምዱን ብቻ ነው። ልጅቷ ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ትኖራለች፤ አሳንሰር የለም፤ ውኃ በጠፋበት ሰሞን ጀሪካን ይዛ ትመላለሳለች። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ትቀመጣለች። የሰሙነ ሕማማት ስግደት ሲመጣ በቀን ስንት ጊዜ ወድቃ እንደምትነሣ አስቡት። ሎሚዋ እነዚህን ሁሉ ትቆጥራለች። እናቷ «ልምምድ ትተሽም ያምሻል፣ እንግዲህ የባሰ ነገር ነው» ስትል የምትሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልጅቷ ከሩጫ አረፈች እንጂ ከጫና አላረፈችም። ስግደቱን ተዪ አልልም፤ በዚያ ሳምንት ዳገቱን መቀነስ ግን ለአሠልጣኝ ከባድ አይደለም። ማንም ጠይቋት የማያውቅ በመሆኑ ነው እንጂ።

ልምምዱም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ዳገት መውጣት ሳንባን ያቃጥላል፤ ሎሚን የሚያስቆጣው ብዙ ጊዜ ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ እንጦጦን ወጥታ በእርምጃ ብትወርድ የልምምዱን ፍሬ ሳታጣ የጉልበቷን ዕዳ ትቀንሳለች። አረማመድም ለውጥ ያመጣል። እግሯን ከፊቷ አርቃ የምትጥል ልጅ ፍጥነቷን ሳትለውጥ የእርምጃዋን ቁጥር በ10 በመቶ ብታበዛ፣ ለምሳሌ በደቂቃ ከ160 ወደ 176፣ በሎሚዋ ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ ኃይል 14 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተለክቷል። በተሰለፈ ቡድን ውስጥ የፊተኛዋን እርምጃ እየኮረጀች ለምትሮጥ ልጅ ይህን የሚያይላት የአሠልጣኝ ዓይን ያስፈልጋል።

ማጠናከሪያው ጂም አይፈልግም። ግድግዳ ተደግፎ፣ ሕመሙ እስከፈቀደበት ድረስ ጉልበትን አጥፎ ለ30 ወይም ለ45 ሴኮንድ መቆየት። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀስ ብሎ ማንሳትና ማውረድ፣ ለዳሌው ጡንቻ። በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ከመሬት ማንሳት። ከዚያ፣ ሳምንታት ሲያልፉ፣ ዝቅ ካለች ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ተረከዝ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ማውረድ። ይህን የመጨረሻውን ስትሠራ ከፊት ለፊቷ ቁሙና ጉልበቷን እዩት። የደከመች ልጅ ጉልበቷ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌላኛው እግሯ ይወድቃል፤ ዳሌዋም ያዘነብላል። ከወራት ሥራ በኋላ ጉልበቱ ከእግሯ ጣቶች ጋር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ታያላችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ፈጣን ውጤት ለሚፈልግ ሰው አሰልቺ ነው፤ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

የእናቶችን ስጋት አቅልዬ ማለፍ አልፈልግም። «ዛሬ ብታስሮጧት ነገ በጎልማሳነቷ ደረጃ መውጣት ቢያቅታትስ?» ትላለች እናት፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት በማይሮጡ ሰዎች ላይ 10.2 በመቶ፣ ለጤናቸው በሚሮጡት ላይ 3.5 በመቶ፣ በከፍተኛ ደረጃ በሚወዳደሩት ላይ ደግሞ 13.3 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። የመጨረሻዋ ቁጥር ለእኔ ክርክር አትመችም፤ አልደብቃትም። ልጆቻችን የሚመኙት ያንን ከፍተኛ ደረጃ ነውና። ግን ሦስቱን ቁጥሮች አብረን እናንብባቸው፤ ከሩጫ መራቅ ጉልበትን እንዳልጠበቀው፣ በልክ መሮጥ እንዳልጎዳው ይናገራሉ። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዕድሜ መጠኑን መማር አለባት የምለውም ለዚህ ነው።

አሠልጣኞች ደግሞ «50 ልጅ ለአንድ ሰው፣ ፊዚዮቴራፒስት የለ፣ ኤምአርአይ የለ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ፊዚዮቴራፒስት ያለበት ከተማ ያለ ወላጅ አንድ ጊዜ እንኳ ያሳያት። ግን ከላይ ከዘረዘርኩት ውስጥ ኤምአርአይ የሚፈልግ አንድም ነገር የለም፤ እንዲያውም ፊልሙ ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ፍርሃት ነው። የሚያስፈልገው ባለ 50 ገጽ ደብተር ነው። ልጅቷ በየቀኑ ሁለት ቁጥር ትጻፍበት፤ ስትሮጥ ሕመሙ ከ10 ስንት ነበር፣ በማግሥቱ ጠዋት ደረጃ ስትወርድ ስንት ሆነ። ሁለተኛው ካልጨመረ የሳምንቱ ልምምድ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ከጨመረ ይቀነስ እንጂ አይጥፋ። አሠልጣኙ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩን ለአንድ ደቂቃ ቢያየው ይበቃዋል።

ከክለቦችና ከምርጫ ኮሚቴዎች የምጠይቀውም አለ። በማጣሪያው ቀን ያመማት ልጅ በዚያው ቀን ከዝርዝሩ አትሰረዝ። 12 ሳምንት ስጧት፤ ደብተሯን ይዛ ትምጣ፤ ከደረጃው ላይ በአንድ እግሯ ስትወርድ ተመልከቷት፤ ከዚያ አሩጧትና ሰዓቷን ያዙላት።